ሦስት ኮምፔንሳቶና አንድ ድሪል፦ በተጎታች ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ላይ የተነሳ ክርክር

መነሻው

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያችን ላይ ያቀረበው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ የሚኖር አባወራ ነው። ያገለገለ ባለ 24 ጫማ ተጎታች ቤት ገዝቷል። አንዴ ትሬይለር ይለዋል፣ አንዴ ካምፐር፣ ደስ ሲለው ደግሞ ቤታችን። ሰመር ላይ ባለቤቱን፣ ሁለት ልጆቹንና እናቱን ይዞ የሮኪን ተራሮች ሊዞርበት አስቧል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ፍሪጅና ሻወር አለው። የሌለው ቦታ ነው። ለሙከራ ወጥተው ባደሩ ጊዜ ጫማው አልጋ ላይ፣ ድስቱ ሻወር ውስጥ፣ የእናቱ ሻንጣ መተላለፊያው ላይ ነበር ያደረው።

ስለዚህ ዕቅድ አውጥቷል። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ረጅም መደርደሪያ ይመታል። በመመገቢያው መቀመጫ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ፍራሽ ሳያነሳ እንዲያገኘው ከጎኑ በር ያወጣለታል። ከኋላ መከላከያው ላይ ደግሞ ጄኔሬተርና አራት ብስክሌት የሚሸከም ማስቀመጫ ያስበይዳል። ምጣዱ፣ መሶቡና የቡና ዕቃው የት እንደሚገቡ ብቻ አልመጣለትም። ምክር የፈለገው በዚህ ነበር።

ግን ጠይቆ ዝም አላለም። የካምፐር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሰው እየዘረፉ ነው፣ ሦስት ኮምፔንሳቶና አንድ ድሪል ሁሉንም ይፈታል ብሎ ደመደመ። የቤቱን ጥንካሬ ለማሳየትም ቁጥር ጣል አደረገ። ባዶ ክብደቱ 5,400 ፓውንድ ነው። ከነጭነቱ የሚፈቀድለት 6,900 ነው። በሩ አጠገብ የተለጠፈው ቢጫ ወረቀት 1,500 ፓውንድ መጫን ይቻላል ይላል። ይህን ያህል ከተፈቀደልኝ ምን ያሳስበኛል ነው ነገሩ።

የውይይቱን ክር ያስረዘመችው ይህቺ የመጨረሻዋ ሐሳብ ናት።

መልስ 1

ቀድማ የመለሰችው ሲያትል ያለች እህት ናት። እንኳን ደስ ያላችሁ ብላ ጀመረች፤ ለእናቱም ለብቻ ሰላምታ ላከች። ምክሯ ከጥቂት ብር አያልፍም። በሁለት ግድግዳ መሃል ተወጥሮ የሚቆመውን የመጋረጃ ዘንግ ገዝቶ በፍሪጁ መደርደሪያዎች ፊትና በላይኞቹ ቁምሳጥኖች ውስጥ እንዲወጥረው ነገረችው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ዕቃው በሩን ገፍቶ አይወርድም። ሻወሩ ውስጥ ከፍ ብሎ የሚወጠር ሌላ ዘንግ ደግሞ ቀን ቀን ጃኬት መስቀያ ይሆናል። ከሳህን ሥር የሚነጠፈውን የማያንሸራትት ምንጣፍም አልረሳችም። ልብ በሉ፣ ከዘረዘረችው ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር ያለው አንድም የለም።

መልስ 2

አጭር ናት። በማጣበቂያ የሚለጠፉ መስቀያዎችን ያመነ ሰው ያስጠነቅቃል። ሐምሌ ላይ የተዘጋ ካምፐር ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ ሙጫው ይለቃል፤ ፎጣው፣ ቁልፉ፣ መስተዋቱ ሁሉ ወለል ላይ ይገኛል።

መልስ 3

እዚህ ላይ ክሩ ቁም ነገር ያዘ። ጸሐፊው ኤልካርት፣ ኢንዲያና ውስጥ ካምፐር ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው። የአሜሪካ ተጎታች ቤት አብዛኛው የሚገጣጠመው በዚያችው ከተማና በዙሪያዋ ነው። እሱ ግድግዳ ከሚያቆሙት መሃል ነበር፤ ስለ ግድግዳ ሲያወራ እንደ ገምቢ ነው የሚያወራው።

መጀመሪያ ያስረዳው ያ ግድግዳ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ከውስጥ የምናየው ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከኋላው አረፋ ወይም ፋይበር አለ። ጣውላው ወይም የአሉሚኒየሙ ቋሚ የሚገኘው በየተወሰነ ርቀት ብቻ ነው። ብሎን በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ከገባ የያዘው ያቺን ስስ ሳንቃ ብቻ ነው። ቆሞ ሲታይ የያዘ ይመስላል። መንገድ ላይ እየተነቀነቀ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያ መደርደሪያው ከነመጽሐፉ ተኝቶ ባለ ሰው ላይ ይወርዳል። የጠያቂው እናት የት እንደሚተኙ ጠየቀ። መልሱን ግን አልጠበቀም።

መፍትሔው ክብደቱን ወለል እንዲሸከመው ማድረግ ነው ይላል። መደርደሪያው በሁለት እግር ከአልጋው ሣጥን ላይ ይቁም፤ ግድግዳው እንዳይገለበጥ ብቻ ይያዘው። የብሎኑን ርዝመት ደግሞ አጥብቆ አሳሰበ። ግድግዳው ሁለት ኢንች እንኳን የማይሞላበት ጊዜ አለ። ረጅም ብሎን የውጪውን ቆዳ በስቶ ይወጣል፣ ዝናብ ይገባል፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። በግድግዳው ውስጥ ሽቦም እንደሚያልፍ በአንድ መስመር ጨምሮ አቆመ።

መልስ 4 እና 5

ጠያቂው አመሰገነና ቋሚዎቹን እንዴት እንደሚያገኛቸው ጠየቀ። የኤልካርቱ ሰው ወዲያው መለሰለት። በእንጨት የተሠራ ከሆነ ጠንካራ ማግኔት ግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ማንሸራተት ነው፤ እንጨቱን የያዘው ሚስማር ይስበዋል። አሉሚኒየም ግን ማግኔት አይዝም። ለዚያ በባትሪ የሚሠራውን መፈለጊያ መሣሪያ መዋስ ይሻላል። ሁለቱም ካልተገኙ ፋብሪካው ራሱ የመታቸውን ቁምሳጥኖች መጠጋት አለ፤ እነሱ ብዙ ጊዜ የተያዙት ቋሚ ላይ ነው።

መልስ 6

ስለ መቀመጫው በር አንድ ቶሮንቶ ያለ ልጅ ጻፈ። መጋዝ ከማንሳቱ በፊት ፍራሹን አንስቶ በባትሪ መብራት ውስጡን እንዲያይ ነገረው። በብዙዎቹ ካምፐሮች ውስጥ የውሃ ፓምፑ፣ የውሃ ማሞቂያው ወይም የመብራት ሣጥኑ የተደበቀው እዚያው ሥር ነው። ባዶ ሆኖ ከተገኘ ዙሪያውን ሁለት ሦስት ኢንች አስቀርቶ መቁረጥ ይቻላል። ጥርሱ ወዲያ ወዲህ በሚንቀሳቀሰው ትንሽ መጋዝ ቀስ ብሎ የተቆረጠ እንደሆነ ተቆርጦ የወጣው ሳንቃ ራሱ በር ይሆናል፤ ቀለሙ ይገጥማል፣ አዲስ እንጨት አይገዛም። ማጠፊያው ከታች በኩል ይሁን ብሏል። በሩ ወደታች ሲከፈት ጫማ መደርደሪያ ይሆናል።

የዚህ ልጅ ሐሳብ ከሁሉም በላይ ደስ ብሎኛል። ቁም ነገሩ የጨመረው ሳይሆን የከፈተው ነው።

መልስ 7

ዳላስ ያለ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በትሕትና ጀመረ፤ ወንድም ጋሼ እያለ። ግን ቁጥሮቹን አላለፋቸውም።

1,500 ፓውንድ ስጦታ አይደለም፣ ከእሱ ላይ እየተቀነሰ የሚሄድ ሒሳብ ነው ይላል። የንጹህ ውሃው ታንከር 40 ጋሎን ይይዛል እንበል። ጋሎኑ ከስምንት ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን ሲሞላ 330 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ቀሪው 1,170 ነው። ከዚያ ላይ ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ የልጆቹ ልብስ፣ ወንበሩ፣ ክሪኩ፣ የውሃ ጎማው፣ ምግቡ አለ። የተወራለት ኮምፔንሳቶስ? ውፍረቱ ሦስት አራተኛ ኢንች የሆነው፣ ባለ 4 በ8 ጫማው፣ አንዱ ብቻ ከ60 እስከ 70 ፓውንድ ይመዝናል። ሦስቱ 200 አካባቢ ናቸው። አንድ ዕቃ ሳይቀመጥባቸው ማለት ነው። በግማሽ ወይም በሩብ ኢንች ቢሠራ፣ ጀርባውን በሳንቃ ከመዝጋት በመረብ ቢተወው ክብደቱ በብዙ ይቀልለታል።

ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚረሳውን አነሳ፤ ጎታቹን ፒክአፕ። ሻጭ የሚነግረው የመጎተት አቅሙን ነው። ማየት ያለበት ግን የሾፌሩ በር ላይ የተለጠፈውን፣ በመኪናው ላይ የሚያርፈውን ሰውና ዕቃ የሚገድበውን ቁጥር ነው። የተጎታቹ አፍንጫ መጎተቻው ኳስ ላይ ያርፋል። እዚያ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ለ6,500 ፓውንድ ቤት ይህ ከ650 እስከ 975 ነው። ሰውየው አምስት ቤተሰብ ጭኗል። በሩ ላይ ያለው ቁጥር የት ይደርሳል?

ምክሩ በግምት አትሂድ፣ ሚዛን ላይ ውጣ ነው። በከባድ መኪና ማረፊያዎች ያለው ካት ስኬል የሚባለው ሚዛን ለሁሉም ክፍት ነው። አንዴ ከነተጎታቹ መመዘን፣ ከዚያ ፈትቶ ፒክአፑን ብቻውን መመዘን። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለተኛው ምዘና ዋጋው ይቀንሳል።

መልስ 8

ሚኒሶታ ያለ በያጅ ገባ። ስለ ኋላው ማስቀመጫ ማንንም ስጋት አይግባው፣ ራሱ በይዶ ለዓመታት ይዞ ዞሯል፣ አንድም ነገር አልሆነም ይላል። መከላከያው ባለ አራት ኢንች ቱቦላሬ ነው፤ ብረት ብረት ነው። ፎቶም ለጠፈ። እውነት ለመናገር ብየዳው ያምራል።

መልስ 9

ሾፌሩ ተመለሰ፤ ጋሼ የሚለው ቃል ግን ጠፍቷል። ያ ቱቦላሬ ሸክም እንዲችል የተሠራ አይደለም፣ የፍሳሽ ጎማ ማስቀመጫ ነው ይላል። ብረቱ ስስ ነው። ከሻሲው ጋር የያዘውም አጭር ብየዳ ነው። ዕቃው ከኋላ ወጥቶ ሲንጠለጠል መንገዱ በመታው ቁጥር ብየዳውን ይጠመዝዘዋል።

ይሁን እንጂ ትልቁ ችግር ብረቱ አይደለም። ሒሳቡን በግምት ዘረጋው። ጄኔሬተሩ 100፣ አራቱ ብስክሌቶች 120፣ ማስቀመጫው ራሱ 30፤ በጠቅላላው 250 ፓውንድ። ከመጎተቻው እስከ ጎማዎቹ መሃል 15 ጫማ፣ ከጎማዎቹ እስከ ማስቀመጫው 12 ጫማ ይሁን። ቤቱ ልጆች ግራና ቀኝ እንደሚወጡበት ሳንቃ በጎማዎቹ ላይ ሚዛን ይጠብቃል። ኋላ የተጫነው 250 ከፊት ላይ 200 ፓውንድ ያነሳል። 700 የነበረው 500 ይሆናል። ከ10 በመቶ በታች ወረደ ማለት ነው። እንዲህ የሆነ ተጎታች በቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ጭራውን ግራ ቀኝ መወርወር ይጀምራል። የኮሎራዶን የአይ-70 አውራ ጎዳና ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን አይጫወትበትም ብሎ ዘጋ።

መልስ 10 እና 11

በያጁ ተቆጣ። መሪ የጨበጠ ሁሉ መሐንዲስ ሆነ አለ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ቤንዚን ጨመረበት፤ ምንም አልሆነብኝም የሚል ሰው የሚናገረው እስኪሆንበት ድረስ ነው ብሎ ጻፈ። በያጁም ሰውየው ትሬይለር እንኳን ሳይኖረው ነው የሚፈተፍተው ብሎ መለሰለት። ሰውየው በእርግጥም የለውም።

መልስ 12

ቨርጂኒያ ያሉ እናት ገቡ። ከባለቤታቸው ጋር ካምፐር ሲጎትቱ ቆይተዋል፤ እዚህ ያለ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ሁለቱንም እናንተ ልጆች ብለው ገሠጿቸው። በያጁን ብየዳህ ያምራል ብለው አሞገሱት፤ ወዲያው ደግሞ ያን እጅ ከመከላከያው ይልቅ በሻሲው ላይ ለምን አታውለውም አሉት። ቁጣው እንደበረደ ያወቅሁት በያጁ ከሥር በጻፈው ነው። ማስቀመጫ ለሚፈልግ ሰው ከሁለቱ የሻሲ ብረቶች የሚነሳ ማጠናከሪያ ካልተበየደ በስተቀር ሥራውን እንደማይቀበል አመነ። ይህ የብረቱን ጥያቄ ይመልሳል። የሾፌሩን ሒሳብ ግን አይመልስም። ሾፌሩም ይህንኑ በአንድ መስመር አስታወሰው።

መልስ 13

እትዬ ወደ ምጣዱ አመጡን፤ ጥያቄው ገና አልተመለሰም ነበርና። የእሳቸው የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጓዘው ቆሞ ነው። በሶፋው ጀርባና በግድግዳው መሃል ያለችውን ክፍተት ለክተው፣ አሮጌ ጋቢ አጥፈው ከሥር አንጥፈው፣ ምጣዱን በጠርዙ ያስገቡታል። ክዳኑ ለብቻው በሌላ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ አንድ ላይ ከሆኑ እየተፋጩ ይፈጫጫራሉ። እግሮቹ ተፈትተው በከረጢት ይገባሉ። ላስቲክ ገመድ በሁለት ቀለበት ወጥሮ ይይዘዋል። ቀለበቶቹ ግድግዳው ላይ አይደሉም፣ የሶፋው እንጨት ላይ ናቸው። መልስ 3ን አንብበው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ከዚያ በፊት ነው የሠሩት።

መልስ 14

ሳክራሜንቶ ያሉ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወዲያው ደረሱ። ምጣዱን ስለማስቀመጥ ቅሬታ የላቸውም፤ ስለመሰካቱ ግን ብዙ አላቸው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ካምፐር የሚቀበለው 30 አምፒር ነው። በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት ነው፤ ለሁሉም ነገር። ምጣዱ ወደ 1,500 ይወስዳል። ኤሲው ሲሠራ ሌላ ያን ያህል፤ ሲነሳማ ለቅጽበት ከዚያም ይበልጣል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ላይ ከተተወ ሌላ 1,400። ሦስተኛዋ እንጀራ ሳትወጣ ብሬከሩ ይወርዳል። ቢያንስ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ መቀየር ነው።

ከዚህም በላይ ያሳሰባቸው ሶኬቱ ነው። በብዙ ካምፐሮች ግድግዳ ላይ ያሉት ሶኬቶች ሽቦው በብሎን የታሰረባቸው አይደሉም፤ ተጭኖ ብቻ የገባባቸው ናቸው። ስልክ ለመሙላት ይበቃሉ። ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ለሚሠራ ምጣድ ግን ይግላሉ። የሰጡት መላ ቀላል ሆኖ ማንም አላሰበውም። የካምፕ ቦታው የመብራት ምሰሶ ላይ ከ30 አምፒሩ አጠገብ ብዙ ጊዜ ተራ ባለ 20 አምፒር ሶኬት አለ። ምጣዱን ውጪ፣ ከበረንዳው ሸራ ሥር፣ ወፍራም ባለ 12 ቁጥር ሽቦ ዘርግቶ በቀጥታ ከዚያ መሰካት። ኤሲው ውስጥ ይሠራል፣ እንጀራው ውጪ ይጋገራል፣ ጭሱና እንፋሎቱም ጣሪያ አያበሰብስም።

እኔ ከክሩ ሁሉ አንድ ነገር ቆርጠህ አስቀምጥ ብባል የማስቀምጠው ይህን ነው።

መልስ 15 እና 16

አንድ የላስ ቬጋስ ሰው እንጀራ ቤት ጋግሮ መያዝ እያለ ምጣድ ለምን ይጓዛል፣ መሶቡም ቢሆን በጠፍጣፋ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ይተካ አለ። ይህ በያጁንና ሾፌሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አስማማቸው፤ ሁለቱም ተቃወሙት። እትዬ ግን ሰውየውን ግማሽ መንገድ ተቀበሉት። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ተጋግሮ መሄዱ ያዋጣል። መሶቡ ግን ስንደዶ ነው፣ አይከብድም፤ ቦታ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ባዶውን አይሄድም። ስኒዎቹን አንድ በአንድ በነጠላ ጠቅልለው መሶቡ ውስጥ ይደረድራሉ፤ ጀበናዋ መሃል ላይ ትቀመጣለች፣ በዙሪያዋ የልጆች ካልሲ ይጠቀጠቃል። ክዳኑ ይገጠምና አልጋ ላይ ትራስ መሃል ይሄዳል። እስካሁን የተሰበረባቸው ስኒ የለም።

ከመልስ 17 እስከ 19

ቡና ሲነሳ ክሩ ከመስመሩ ወጣ። አንዱ፣ ካምፐሩ ውስጥ ቡና ሲቆላ የጭስ ደወሉ እንደሚጮህበት ነግሮ ደወሉን በላስቲክ የመሸፈን ዘዴ አቀረበ። ሌላው ከሰል አቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ቡና ሲያፈላበት ደወሉ ዝም እንደሚል ጨመረ፤ እንደ ብልሃት ነበር የነገረን።

ሜሪላንድ ያለች ነርስ መልስ 19ን ጻፈች። በክሩ ውስጥ ከእሷ የበለጠ የተቆጣ የለም። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ትንሽ የተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ራስ ምታት ብሎ ጋደም ይላል፣ አይነሳም። የጭስ ደወል ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅም፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ሌላ ነው፣ ወለሉ አጠገብ ያለው የጋዝ ደወልም ሌላ ነው። ሦስቱም መሥራታቸውንና ጊዜ እንዳላለፈባቸው ጀርባቸውን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ረከቦቱ ከነከሰሉ ውጪ ይወጣል፣ አለቀ። ደወል ሸፋኙን ልጅ በስም አልጠራችውም፤ አላስፈለጋትም። ጽሑፉን አጠፋው።

መልስ 20

ጋሼ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ነገሩን ለማለዘብ ይሁን ወደ መብራት ተመለሱ። የድሮውን አምፖል ወደ ኤልኢዲ መቀየር ከሁሉም ርካሹ ምቾት ነው ይላሉ፤ 18 ዋት የሚበላውን አምፖል ሁለት ሦስት ዋት የሚበላ ይተካዋል። መብራት በሌለበት ሜዳ ላይ ባትሪው ሌሊቱን ይቆያል። ከባትሪ አዲስ የስልክ መሙያ የሚስብ ሰው ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ ያድርግ፤ የፊውዙ መጠን ሽቦውን እንጂ ስልኩን አይይ። ሊቲየም ባትሪ የሚገዛም ካለ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መሞላት እንደማይወድ ይወቅ፤ የኮሎራዶ ተራራ ደግሞ መስከረም ላይ እንኳን ይበርዳል።

መልስ 21

ከፍራንክፈርት የጻፈ ሰው ግራ ተጋብቷል። እሱ ባለበት አገር በመጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ነው። ከባድ ዕቃ ከጎማዎቹ በላይ፣ ወለል ላይ ይጫናል፤ ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል። 10 እስከ 15 በመቶ የሚሉት ከየት መጣ? ሾፌሩ በጥሩ ስሜት መለሰለት። የጀርመን ተጎታች ቀለል ያለ ነው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ልዩ ፈቃድ ያለው ቢበዛ 100። የአሜሪካው ከባድና ረጅም ነው፣ ከዚያም በላይ ይፈጥናል። ይሁንና ከባዱን ከጎማ በላይ፣ ዝቅ አድርጎ የሚለው ለሁለቱም ይሠራል። ፍራንክፈርቱ የመንጃ ፈቃድ ጥያቄ አስከተለ፤ ማንም አልመለሰለትም።

ከመልስ 22 እስከ 25

ከዚህ በኋላ ወሬው ተበተነ። አይጥ ገባብኝ ያለች አለች፤ በቧንቧና በሽቦ ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ በብረት ሱፍ ጠቅጥቂ ተባለች፤ በናና ዘይት የሚያምን አንዱ ተሳቀበት። የሰፈር ማኅበሩ ካምፐር ግቢ እንዳይቆም የከለከለበት ሰው ብሶቱን አወጣ፤ አራት ሰው አዘነለት። መሃል ላይ ግን አንዲት ጥሩ መልስ ተቀብራለች። አንዲት ሴት አልጋ ሥር ባገኘችው ባዶ ቦታ ጫማ ሞላችበት፤ ለካ የቤቱ ማሞቂያ የክፍሉን አየር የሚስብበት መስኮት ነበር። ማሞቂያው እየጋለ ራሱን ያጠፋ ጀመር። የቶሮንቶው ልጅ ይህን ከራሱ ምክር ጋር አያያዘው፤ ባዶ የመሰለ ቦታ ሁሉ ባዶ አይደለም፣ የፍሪጁ ጀርባም እንዲሁ።

መልስ 26

ጠያቂው ተመለሰ። ሚዛን ላይ ወጥቷል። ጄኔሬተሩ ከፊት ዕቃ ቤት ተጭኖ፣ ብስክሌቶቹ ሳይጫኑ፣ ውሃ ሳይሞላ፣ ቤቱ 6,620 ፓውንድ መጣ። መጎተቻው ላይ ያረፈው 720 ነው። የፒክአፑ በር 1,480 ይላል፤ ሰዎቹ ብቻ 690 ናቸው። መደርደሪያውን በግማሽ ኢንች ኮምፔንሳቶ፣ በሁለት እግር ሠርቶታል። የመቀመጫውንም በር አውጥቷል፤ ውስጡ ፓምፑ ስለተገኘ በሩ ካሰበው አንሷል። ማስቀመጫውን ትቶታል። ይህን ሁሉ ሲነግረን ቅር እንዳለው ያስታውቃል፤ ሱቆቹ ዘራፊ ናቸው የሚለውን ግን አልተወም።

መልስ 27

ሾፌሩ ሒሳቡን ጨረሰለት። እስከ 6,900 የቀረው 280 ፓውንድ ነው፤ ሙሉ ታንከር ውሃ 330 ነው። ስለዚህ ውሃው ካምፑ ሲደርሱ ይሞላል፤ ለመንገድ ለእጅ መታጠቢያ የምትበቃ ትሁን። ፒክአፑ ላይ 690 እና 720 ሲደመሩ 1,410 ነው። የቀረው 70 ነው። አራቱ ብስክሌቶች ፒክአፑ ላይም አይወጡም። ፊት መጎተቻው ላይ ማስቀመጫ እበይዳለሁ እንዳይባል ደግሞ አስቀድሞ ዘጋው፤ እዚያ የሚጨመር ሁሉ ከዚያችው 70 ላይ ነው የሚቀነሰው።

መልስ 28 እና 29

የልጆቹ ሁለት ብስክሌቶች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ቤቱ ውስጥ፣ ከጎማዎቹ በላይ ወለል ላይ ይተኙ አለች የሲያትሏ እህት። ትልልቆቹ ይቅሩ፤ ካምፑ አካባቢ የሚከራይ አይጠፋም። እትዬ በተራቸው ያን ጄኔሬተር ማንሳት ይሻላል አሉ። እሳቸው የያዙት ትንሹ ባለ 2,000 ዋት ነው፣ 50 ፓውንድ አይሞላም፣ ጎረቤትም አይረብሽም። ኤሲ አያነሳም፤ ተራራ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል።

መልስ 30

ጠያቂው ትልቁን ጄኔሬተር ለመሸጥ ወስኗል። ሁለቱን ትልልቅ ብስክሌቶች በተመለከተ ገና ከባለቤቱ ጋር እየተነጋገረ ነው።

መልስ 31

በያጁ ነው። ጄኔሬተሩን በስንት ትሸጠዋለህ አለ።